ብርድ ልብስ በእጅ መስፋት፦ ከእራፊ ጨርቅና ከአሮጌ ጋቢ

ሐዋሳ በሐይቋና በፀሐይዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ለጉብኝት የሚመጣ ሰው ብርድ ልብስ መያዝ ትዝ አይለውም። ነዋሪዋ ግን ሌሊቷን ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች በዓመት ሁለት ዓይነት ብርድ ይፈራረቅባታል። አንደኛው የክረምቱ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃና እርጥበት ተደባልቀው ቀን የታጠበው ልብስ ሳይደርቅ ያድራል። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ነው። በነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ታጣዋለች፣ ንጋቱም ይቀዘቅዛል። ወደ ሁላና ወደ ሌሎቹ የሲዳማ ደጋዎች ለወጣ ሰው ደግሞ ብርዱ ከዚህም ይብሳል።

በረዶ ለወራት መሬቱን በሚሸፍንባቸው አገሮች ሰዎች ክረምቱን ቤት ተቀምጠው ብርድ ልብስ በእጃቸው የመስፋት የቆየ ልማድ አላቸው። ትናንሽ እራፊዎችን ይገጣጥማሉ፣ ከሥር ወፍራም ነገር ያነጥፋሉ፣ ገበር ያለብሳሉ፤ ከዚያ ሦስቱን ድርብ በመርፌ አንድ ያደርጋሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ የለም። ሆኖም ክረምቱ ሰውን ቤት ያውላል፣ ሐምሌና ነሐሴም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅና አሮጌ ጋቢ የሌለበት ቤትም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ሙያው ለሐዋሳ ሰው ሩቅ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ድርብ ብርድ ልብስ ለምን እንደሚያሞቅ፣ ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሰፋ ያስረዳል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ጨርቅ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀን የገዛ ሰውነታችን ሙቀት ነው፤ የብርድ ልብስ ሥራ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳይሸሽ ማዘግየት ነው። ይህን የሚያደርገው በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር አፍኖ በመያዝ ነው። ባለበት የረጋ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። የሚንቀሳቀስ አየር ግን የሞቀውን ወስዶ ቀዝቃዛውን ይተካል።

አንድ ወፍራም አንሶላ ከመደረብ ሁለት ስስ አንሶላ መደረብ ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚያሞቀውም በዚህ የተነሳ ነው፤ በሁለቱ መካከል አየር ይያዛል። ጥጡ የተጨፈለቀ ብርድ ልብስ ክብደቱ ሳይቀንስ የማያሞቀውም አየሩ ስለወጣ ነው።

እርጥበት ደግሞ የዚህ ሁሉ ጠላት ነው። ውሃ ከረጋ አየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ጥጥ ደግሞ ውሃ ይወዳል፤ በክረምት ከአካባቢው እርጥበት ይስባል። አየሩ ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ ውሃ ሲይዘው ብርድ ልብሱ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ለሐዋሳ ክረምት ልብሱ በቀላሉ የሚታጠብና የሚደርቅ መሆኑ የውፍረቱን ያህል ዋጋ አለው።

ጋቢና ፍራሽ ያስተማሩን

የታፈነ አየር እንደሚያሞቅ ሸማኔዎቻችን ከጥንት ጀምረው በሥራ ሲገልጹት ኖረዋል። ነጠላ ሁለት ድርብ ስስ ሸማ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡሉኮ ከጋቢም ይወፍራል፤ ለደጋ ሌሊትና ለሽማግሌ ትከሻ የተሠራ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር የሚጨምረው ድርቡና በመካከሉ የሚታፈነው አየር ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ልል ስለሆነ በራሱ ውስጥም አየር ይይዛል፤ አዲስ ጋቢ ቀላል ሆኖ ሳለ የሚያሞቀው ለዚህ ነው።

ድርቡን በስፌት የመያዝ ሙያም አዲስ አይደለም። በየሰፈሩ እየዞረ «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለውን ባለሙያ እናስታውስ። የጥጥ ፍራሽ ለዓመታት ሲተኛበት ጥጡ ይረጋገጣል፣ ይቋጠራል፣ ከመሃል ወደ ዳር ይሸሻል። አዳሹ ልባሱን ፈትቶ ጥጡን ያፍታታዋል፤ አየር ይመልስለታል ማለት ነው። መልሶ ከሞላው በኋላ በረጅም መርፌና በጠንካራ ክር ከላይ እስከ ታች እየወጋ እዚህም እዚያም ያስረዋል። እነዚያ እስሮች ባይኖሩ ጥጡ በጥቂት ወራት ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብ ነበር። ድርብ ብርድ ልብስ ሲሰፋ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ስፌቱ ቀጭንና የተቀራረበ መሆኑ ነው። ስለዚህ በብርድ ልብሱ ፊት ላይ የሚታየው የስፌት መስመር ከጌጥነቱ በፊት የመካከሉን ሙሌት በቦታው የሚያቆይ ማሰሪያ ነው።

ሌሎች ሕዝቦች እንዴት ሠሩት?

በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ድርብርብ አድርገው በተራ ስፌት ያያይዙና ስስ መደረቢያ ያወጡበታል፤ ካንታ ይባላል። አገሩ ሞቃት ነው፤ ለነሱ የሚበቃቸው ሁለት ሦስት ድርብ ነው። ለሐዋሳ የአየር ጠባይ በረዶ ካለባቸው አገሮች ወፍራም ልብስ ይልቅ ይህ ይቀርባል። በሰሜን ጃፓን ደግሞ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም ነበር። ገበሬዎች ከሌላ ተክል ቃጫ የተሠራ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይለብሱ ስለነበር ድርቡን በተቀራረበ የእጅ ስፌት እያጠነከሩ ዕድሜውን ያራዝሙለትና ብርዱን ይቋቋሙበት ነበር። ሳሺኮ የሚባለው ሙያ ከዚህ ችግር የተወለደ ነው።

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ንፋስ በሚያስገባ የእንጨት ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ለማሞቅ ያለቀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ እየቆረጡ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚህ ብርድ ልብሶች በሂዩስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ምስላቸውን በቴምብር ላይ አተመው። የተጣፈ ልብስ የድህነት ምልክት ሆኖ በሚታይበት በእኛ አገር ይህ ታሪክ ሊታወቅ ይገባዋል። ድሪቶ ለብሶ መሄድ ያሳፍር ይሆናል፤ በዕቅድ የተመረጠ ቀለም፣ የተስተካከለ መጋጠሚያና ቀጥ ያለ ስፌት ያለው ሥራ ግን የሠሪውን ዓይንና እጅ ያስመሰክራል።

ጨርቁ ከየት ይገኛል?

ሐዋሳ የስፌት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ማምረቻ ታስቦ የተሠራ ነበር፤ 52 የማምረቻ ሼዶች አሉት። ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ በብዛትም ሴቶች፣ እዚያ የስፌት ሙያ ለምደዋል። አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ስታግድ ለዚያ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል፤ ትልቁ የውጭ ኩባንያም ቀደም ብሎ ወጥቷል። ሥራ ያጣው ሰው የለመደው እጅ ግን አብሮት አለ።

በፋብሪካ መስመር ላይ አንዲት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ብቻ ትሰፋለች፤ ኮሌታ ከሆነ ኮሌታ፣ እጅጌ ከሆነ እጅጌ። ብርድ ልብስ በእጅ መስፋት ከመቁረጥ እስከ መቀምቀም ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ ያመጣዋል። ቀጥ አድርጎ መስፋት ለለመደ ሰው የቀረው ትምህርት ጥቂት ነው።

ጥሬ ዕቃውን ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ልብስ ለመስፋት ጨርቅ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ከአሥር በመቶ በላይ የሚሆነው በየቅርጹ ዙሪያ ይተርፋል። ልብስ ሰፊ ቤቶች በር ላይ የሚከማቸው ቁርጥራጭ ከዚህ የመጣ ነው፤ ተጠይቆ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ከሰልባጅ የተገዛ ሰፊ ሸሚዝ፣ ያረጀ አንሶላ፣ ልጅ ያደገበት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁሉ ይሆናል። ለገበር አቡጀዲ ጥሩ ነው፤ ዋጋው አይከብድም፣ መርፌም በቀላሉ ያሳልፋል። ለመካከሉ ደግሞ አሮጌ ጋቢ ወደር የለውም። መሃሉ የሳሳ ጋቢ ለብቻው አያሞቅም ይሆናል፤ በሁለት ጨርቅ መካከል ሲገባ ግን አራቱ ድርብ እንደገና ሥራ ያገኛል። ሙሌቱ አንድ ወጥ ሸማ ስለሆነም እንደ ልል ጥጥ ወደ ጥግ አይሸሽም።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የጨርቁ ዓይነት ነው። ጥጥና ፖሊስተር በመልክ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ጥቂት ክር መዝዞ በብረት ሳህን ላይ በጥንቃቄ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይፈጥራል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት። እንደ ካናቴራ የሚለጠጥ ጨርቅ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው ቀለም ነው። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሊለቅ ይችላል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት ሥራው ካለቀ በኋላ ከሚመጣ ጸጸት ያድናል።

አሠራሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ለልጅ ወይም ለጉልበት መሸፈኛ የሚሆን 120 በ150 ሴንቲ ሜትር ቢሠራ ይመከራል። ለዚህ የሚያስፈልጉት 80 አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች፣ 130 በ160 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበር፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ ጋቢ፣ ጠንካራ የጥጥ ክር፣ መርፌ፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ካውያና መርፌ ቁልፎች ናቸው።

መጀመሪያ ከካርቶን 17 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ ይሠራል። በጨርቁ ጀርባ ላይ በሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን አስምሮ መቁረጥ ነው። መለኪያው ከጨርቁ ድርና ማግ ጋር ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጥና መጋጠሚያው ይጣመማል። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ስለሚገባ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲያልቅ 15 በ15 ይሆናል።

ከዚያ ቁርጥራጮቹ ወለል ላይ ይደረደራሉ፤ ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 10። ይህ ክፍል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ደማቁና ፈዛዛው ተራ በተራ ቢገቡ ዓይን ያርፋል። አንድ ቀለም በአንድ ወገን ከበዛ ያዘነብላል። ቆም ብሎ ከሩቅ ማየት፣ ከተቻለም በማግሥቱ መልሶ ማየት ስህተቱን ያሳያል።

ቀጥሎ የየረድፉ ስምንት ቁርጥራጭ ፊት ለፊት እየተገጠመ ይሰፋል። አሥሩ ረድፍ ሲያልቅ ረድፍ ከረድፍ ይጋጠማል። ይህን በእጅም በሲንጀርም መሥራት ይቻላል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በካውያ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፤ የጎረቤቱ ረድፍ መጋጠሚያ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን ቢተኛ ጥጎቹ ሳይወፍሩ ልክ ለልክ ይገጥማሉ።

አሁን ሦስቱ ድርብ ይነባበራሉ። ገበሩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ሳይለጠጥ፣ ሳይጨማደድም። በላዩ ጋቢው፣ በጋቢው ላይ የተገጣጠመው ፊት ይነጠፋል። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር በእጅ እየተዳበሰ አየርና ጭምድድ ይወጣለታል። ከዚያ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በየሁለት ቁራጩ መርፌ ቁልፍ ይደረጋል፣ ወይም በረጅምና ልል ስፌት ለጊዜው ይያዛል። ብዙ ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ደረጃ የቀረ ጭምድድ በስፌቱ ታስሮ ለዘለቄታው ይቀራል።

የስፌቱ ምስጢር

ዋናው ስፌት ከሁሉም የሚቀልለው ነው፤ መርፌው ከላይ ገብቶ ከሥር ይወጣል፣ ከሥር ገብቶ ከላይ ይወጣል። ክሩ ከክንድ እንዳይረዝም ያስፈልጋል፤ የረዘመ ክር ይተበተባል፣ በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥርም ይላላል። በክሩ ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ ይደረግና መርፌው በፊቱ ጨርቅ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲሳብ ቋጠሮው ጠፍ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከላይም ከሥርም አይታይም።

አንድ እጅ ከላይ መርፌውን ይይዛል፤ ሌላው እጅ ከገበሩ ሥር ሆኖ የመርፌው ጫፍ ሦስቱንም ድርብ ማለፉን በጣት ይሰማል። ሥረኛውን ሳይነካ ያለፈ ስፌት ሥራ የለውም። ሦስት አራት ስፌት በመርፌው ላይ ሰብስቦ አንድ ጊዜ መሳብ እጅን ያሳርፋል፣ መስመሩንም ያቀናል። የመሃል ጣት ላይ ቆብ ማድረግ ወይም ቁራጭ ቆዳ ማሰር ከመወጋት ያድናል።

ስፌቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከማጠር ይልቅ እኩል መሆኑ ይበልጣል። ክሩ ጠብቆ ከተሳበ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ የታፈነው አየርም ይወጣል፤ ከላላ ደግሞ ጣት እያያዘው ይበጠሳል። መስመሩ መጋጠሚያዎቹን ተከትሎ ቢሄድ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አንድ መስመር ይወጣል። ለጋቢ ሙሌት ይህ ይበቃል። ሙሌቱ ልል ጥጥ ከሆነ ግን እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ድረስ መቀራረብ ይኖርበታል፤ አለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጥጡ ይቋጠራል። ሥራው ሁልጊዜ ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል፤ ትርፍ ጨርቅ ካለ ወደ ጠርዙ ይገፋል እንጂ መሃል አይታሰርም።

መጋጠሚያዎቹን የሚከተለው መስመር ቢደመር ከ21 ሜትር ያልፋል። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በቡና ሰዓት፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ እየተቆራረሰ የሚሄድ ነው። በሌላው ዓለም ሴቶች በአንድ ብርድ ልብስ ዙሪያ ተቀምጠው እያወሩ እንደሚሰፉት ሁሉ እዚህም ጎረቤት ከጎረቤት በደቦ ሊሠራው ይችላል። አራት ሰው በአራት ጎን ቢቀመጥ ሥራው ይፈጥናል፣ ጨዋታውም ይደምቃል። አዛውንቶቹ የእንዝርት ዘመናቸውን ያወጋሉ፤ ወጣቶቹ ከፋብሪካ ያመጡትን የእጅ ፍጥነት ያሳያሉ። ልጆችም ክር በመርፌ ማስገባትንና ቀጥ አድርጎ መቁረጥን በዚያው ይማራሉ።

በመጨረሻ ዙሪያው ይስተካከላል። ፊቱንና ጋቢውን እኩል ከርክሞ፣ ከነሱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የተረፈውን ገበር ሁለት ጊዜ ወደ ፊት አጥፎ በጥቃቅን ስፌት መቀምቀም ነው። ቅምቅማቱ ቶሎ የሚያረጅ ክፍል ስለሆነ ክሩ ቢደረብ ይመከራል።

አያያዝ

በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በቀላል ሳሙና ይታጠባል። አይጠመዘዝም፤ ተጨምቆ ይዘረጋል። እርጥብ ድርብ ልብስ ከባድ ስለሆነ በአንድ ገመድ ላይ ቢሰቀል ስፌቱን ይጎትታል፤ በሁለት ገመድ ላይ ማንጠፍ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ከማጠብ ዝናብ እስኪቆም መጠበቅ ይመረጣል፤ መካከሉ ሳይደርቅ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይሻግታል፣ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም። ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ግን ሳይታጠብም አውጥቶ ማናፈስ እርጥበቱን ያስወጣል፣ የተጨፈለቀውንም ያነሳዋል።

የተቀደደ ቁራጭ ቢኖር ጠቅላላው አይጣልም። በላዩ ሌላ እራፊ ጠርዙን አጥፎ መጣፍ ነው። የእጅ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የሠራው ሰው መጠገኑንም ያውቃል። ፋብሪካ የሠራው የፖሊስተር ብርድ ልብስ ሲሳሳ ብዙ ጊዜ መጨረሻው መጣል ነው።

ምን ያተርፋል?

ብርድ ልብስ በእጅ መስፋት በአንድ ክረምት ሀብታም አያደርግም። የሚበላው ሰዓት ብዙ ነው፤ ለሽያጭ ሲቀርብ ያን ሰዓት የሚያውቅለት ገዢ ይፈልጋል። ለገበያ የሚያስብ ሰው መጋጠሚያውን በማሽን፣ የፊቱን ስፌት በእጅ ቢሠራ ጊዜውን ይቆጥባል፤ ገዢ የሚያየውና የሚዳስሰው የእጅ ስፌቱን ነው። ሐዋሳ የስብሰባና የመዝናኛ ከተማ በመሆኗ በሐይቁ ዳር የሚያድረው እንግዳ ብዙ ነው፤ ውጭ አገር ያለው ወገንም ጋቢ እየወሰደ በረዶውን ሲከላከልበት ኖሯል። የአገር ሸማ በውስጡ ያለበት ድርብ ልብስ ለሁለቱም የሚሆን ዕቃ ነው።

ለቤት የሚሠራው ግን ትርፉን ወዲያው ያሳያል። ሊጣል የነበረ ጨርቅ ይድናል፣ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ጋቢ ወደ አልጋ ይመለሳል፣ ሌሊቱም ይሞቃል። የእናት ቀሚስ፣ የአባት ሸሚዝና የልጅ ዩኒፎርም በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሱቅ የማይሸጠው የቤተሰብ ዕቃ ይሆናል። ለመጀመር 80 ቁርጥራጭ አንድ ላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። አንድ ካርቶን መለኪያ ቆርጦ፣ አንድ ፌስታል አዘጋጅቶ፣ ሊጣል ከነበረው ልብስ ሁሉ ደህናውን ክፍል በልኩ እየቆረጡ ማጠራቀም ይበቃል። በበጋው የተጠራቀመው ሰኔ ሲገባ ለመገጣጠም ይደርሳል፤ በክረምቱ የተሰፋው ደግሞ ለኅዳሩ ብርድ ይደርሳል።